ማማው ሲያልበው

ግንቦት ነው፤ ድሬ ላይ ነፋስም ያልበዋል፣
ሰው አልጋ አውጥቶ ግቢው ላይ ይተኛል፤
እኔ ከማማው ሥር፣ ከፋብሪካው ጀርባ፣
ሌሊት ስድስት ሰዓት ፈረቃ ስገባ፣
ካፊያ ይመታኛል፤ ደመና ግን የለም፣
ማራገቢያው ረጭቶት፣ ከሰማይ አይደለም።
የዚህ ከተማ ዝናብ ዘንድሮ ይኸው ነው፣
የኔ ብቻ ዝናብ፣ ደመወዝ ያለው።

ሙሜ ዩያ ነበር ሥራውን ያስያዘኝ፣
እጄን ይዞ ወስዶ ቱቦ ያስዳበሰኝ።
«በመዳፍ አይደለም፣ በእጅህ ጀርባ ንካ፣
ልክ እንደ ልጅ ግንባር ትኩሳቱን ለካ።
ብረትም ያተኩሰዋል፤ ሲብስበት ይቃዣል፤
ኮምፕሬሰሩን ስማው፣ ጥርሱን ያፋጫል።
ውኃ ነው ሐኪሙ፤ ገብቶ ከሆድ ዕቃው፣
በራሱ ጀርባ ነው ግለቱን የሚያወጣው።»

አልገባኝም ነበር። ምሳ ሰዓት ወሰደኝ፣
ከኒሙ ዛፍ ሥር ጀሪካኑን አሳየኝ፤
በእርጥብ ጆንያ ለብዶ ነፋስ ላይ የሰቀለው፣
በረዶ ሳይነካው በረዶ የመሰለው።
«ጆንያው ያልበዋል፣ ማማውም ያልበዋል፣
አንተም ያልብሃል፤ የሄደው ይሄዳል፣
የቀረው ይበርዳል።
ከዚህ ሌላ ሕግ የለም፤ መጽሐፉ ያበዛዋል።»

የድሬ ውኃ ግን ድንጋይ አለው በሆዱ፣
ያለፈበት ቱቦ ይጠባል መንገዱ።
ቤቴ ማንቆርቆሪያ ቅርፊት ያበቀለው፣
ያው ነው እዚህም መጥቶ ቱቦ የሚያንቀው።
በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሞተሩ ሲተኛ፣
ቱቦ ለመፋቅ ነው የምንገባው እኛ፤
ከሚረግፈው ቅርፊት ሙሜ አንዱን አንሥቶ፣
እንደ ግንድ ቀለበት በባትሪ አይቶ፣
«ይኼ የድርቁ ዓመት፣ ይኼ ጎርፍ የመጣበት፣
ይኼ ስሱ ደግሞ ልጄን የዳርኩበት»
ይል ነበር።
እውነቱን ይሁን ቀልዱን፣ እስካሁን አላውቅም።

ሙሜ ጡረታ ወጥቶ መልካ ጀብዱ ገብቷል፣
የቫልቮቹ ቁልፍ ለኔ ተሰጥቷል።

ጎሕ ሲቀድ በር ላይ ፈርዶሳ አለች፣ አህያዋን አስራ፣
ከገንደ ቆሬ የመጣች፣ ባዶ ጀሪካን ደርድራ።
ማማውን አንጋጣ እንፋሎቱን አየች፤
«ይኼ ሁሉ ውኃ ወዴት ነው?» አለች።
«ወደ ሰማይ» አልኳት።
«ሰማይ ጠምቶት ነበር?»

ሠፈሯ ቧንቧው ከነጠፈ አሥራ አንድ ቀኑ ነው፣
ሲመጣም በሌሊት፣ ሲያስለው ሲያስለው።
እኔም ሒሳብ አውቃለሁ፤ በአንድ ሌሊት ብቻ
ማማው የሚያተነው የስንት ቤት ድርሻ!
ግን ባሏም እዚሁ ነው፤ ሲሚንቶ ይጭናል፣
ብረቱ ከታመመ እሱም ሥራ ይፈታል።
ይኼን ልላት ብዬ አፌን ከፈትኩና
ዘጋሁት። ታውቀዋለች። ከኔ ቀድማ ታውቀዋለች።

የሚተነው ንጹሑ ነው፤ ጨው ነው የሚቀረው፣
እሱን በቦይ አድርጌ ነው አሸዋ የማጠጣው።
ቫልቩን ስከፍት መጣች፣ ጀሪካኗን ደገነች።
«አይጠጣም» አልኳት።
«ቀምሼዋለሁ» አለች።
«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»
«ለጆንያው ነው» አለች፣
«የሚጠጣው የመጣ ዕለት እንዲበርድልኝ።»

ትምህርት ቤት አልሄደችም፣ ሙሜንም አታውቀውም።

መዝገቡ ከሚያዘው ግማሽ ዙር ጨመርኩ፣
እስክትሞላ ድረስ ከቦዩ ዳር ቆምኩ።
ከዚያ እንደ ወትሮው ጻፍኩ፦ ሙቀት ሠላሳ አንድ፤ ግፊት ደኅና።
ጋሪው ተንቀሳቀሰ።
ከአንዱ ጀሪካን የሚንጠባጠበው፣
አሸዋው ላይ ቀጭን መስመር እየሳበ ሄደ፣
እሷ ከመታጠፊያው ሳትደርስ
ከበስተኋላዋ ደረቀ።